የካሌብ እጅ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን። እሳቸው በየፍልሰታው ኃጢአቴን ስዘረዝር በትዕግሥት ይሰሙኛል፤ ስለ መጠጡም፣ ስለ ሴቱም፣ ጾም ስለ መሻሬም ነግሬያቸዋለሁ። «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ ግን «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። በምን አፌ ልንገራቸው? በኮምፒውተር ማውስ የተነሳ፣ በጌም የተነሳ ንስሐ የሚገባ ሰው ገጥሟቸው ያውቃል? እንዲህ እያልኩ፣ «የልጅ ጨዋታ ነው» እያልኩ፣ ራሴን እያታለልኩ ኖርኩ። የልጅ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ግን ይኼኔ ረስቼው ነበር። እናንተን የመረጥኳችሁ ስለማታውቁኝ ነው፤ ፊታችሁን ስለማላየው ነው። ይህም ራሱ ፈሪነት እንደሆነ ከመጀመሪያው እወቁልኝ።

ነገሩ አጭር ነው። ጥፋቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የተባረረበት ጓደኛዬ ነው። ላስጥለው እችል ነበር። አላስጣልኩትም። ይባስ ብዬ ማልኩበት።

ስሜ ሚካኤል ነው፤ ሰፈር ውስጥ ሚኪ ይሉኛል። ቀበና ከወንዙ በላይ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። እናቴ በሚካኤል ዕለት ስለወለደችኝ ስሙን ሰጠችኝ፤ ይህን የምነግራችሁ ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው። ጊዜው የመገናኛ መንገድ ለባቡሩ ተብሎ የተቆፈረበት፣ ታክሲው አቧራ ለአቧራ የሚንፏቀቅበት ጊዜ ነው። እኔ ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ ያጣሁ ነበርኩ። ቀበሌው ጠዋት ማታ «ተደራጁ» ይለናል፤ እኛ ተደራጅተን የምንገኘው ግን ጋሽ ደምሴ ጌም ቤት ነው።

ጋሽ ደምሴ የከባድ መኪና ሾፌር የነበሩ፣ ወገባቸው እምቢ ሲላቸው መኪናውን ሸጠው የግቢያቸውን ሰርቪስ ቤት በኮምፒውተር የሞሉ ሰው ናቸው። ስለ ኮምፒውተር የሚያውቁት ማብራትና ማጥፋት ብቻ ነው። ማውስ በፈረንጅ አፍ አይጥ ማለት መሆኑን አንዱ ከነገራቸው ወዲህ «አይጦቼን አትደብድቡ» ይሉን ነበር። ጭቅጭቅ ሲነሳ የሚፈርዱት በሾፌርነት ዘመናቸው ባወቁት መንገድ ነው። ያኔ መንገድ ላይ ከጭነቱ እቃ ሲጎድል ረዳቶቻቸውን ያስምሉ ነበር፤ በሐሰት የማለ ረዳት ሳይውል ሳያድር ሲታመም በዓይናቸው አይተዋል። ስለዚህ ከዋናው ኮምፒውተር በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ የቅዱስ ሚካኤልን ስዕል ሰቀሉ። ተራው የማን ነው? ገመዱን የነቀለው ማን ነው? «ና፣ እጅህን እዚህ ላይ አድርግና ማል» ይላሉ፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያ ስዕል ፊት ዓይኑን ሳያሽ የሚዋሽ አልነበረም።

ካሌብ ብቻ ምሎ አያውቅም።

የካሌብ አባት ወንጌላዊ ደሳለኝ ይባላሉ፤ ላምበረት አካባቢ ያለች የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው፣ ቤተሰቡም የሚኖረው እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። በእነሱ ቤት መሐላ የለም። አዎ ካልክ አዎ ነው፣ አይ ካልክ አይ ነው፤ ከዚያ በላይ መጨመር ቃልህ ብቻውን እንደማይቆም መናገር ነው ብለው ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። መጀመሪያ ላይ እንቀልድበት ነበር። «አንተ ጴንጤ፣ ቢያንስ በጊታርህ ማል» እንለዋለን፤ ይስቃል፣ አይምልም። እያደር ግን መጠየቁን ተውን፤ ሲዋሽ ሰምቶት የሚያውቅ ስላልነበረ። ጋሽ ደምሴ ራሳቸው ሁለት ሰው ሲጣላ «ካሌብ ምን አለ?» ብለው መጠየቅ ጀምረው ነበር።

ኮምፒውተሮቹ ሲበላሹ የሚጠግናቸውም እሱ ነው፤ የቤቱ ቁልፍ በእሱ እጅ ነበር። ጋሽ ደምሴ ሲ.ኤም.ሲ ላይ ሁለተኛ ጌም ቤት ሊከፍቱ አስበው፣ እሱን ካሌብ እንዲያስተዳድረው ቃል ገብተውለት ነበር። ለእሱ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ወንጌላዊው ጌም የሚባል ነገር አይወዱም፤ ልጃቸው ጊዜውን በከንቱ የሚያጠፋ ይመስላቸው ነበር። ካሌብ «ይኸው፣ ሥራ ሆነ» ብሎ አባቱን ሊያሳይ የጓጓው በዚያ ቤት ነበር። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ሳላውቅ አላደረግኩትም።

የምንጫወተው የተኩስ ጌም ነው፣ አምስት ለአምስት። ጠዋት ጠዋት መስመሩ ሳይጨናነቅ በኢንተርኔት ከሌላ አገር ልጆች ጋር እንገጥማለን፤ ከቀትር በኋላ ኢንተርኔቱ እንደ አህያ ይገግምና ገና ስንተኩስ ሞተን እንገኛለን። በዚህ ጌም መሣሪያው ሲተኮስ አፈሙዙ ወደ ላይ ይሸሻል። ጎበዝ ተጫዋች ሽሽቱን በእጁ ይመልሰዋል፤ ማውሱን ቀስ እያለ ወደ ታች ይስበዋል። ይህ በብዙ ልምምድ የሚመጣ የእጅ ሥራ ነው። ካሌብ ደግሞ ገመዱ በፕላስተር በተጠቀለለ የጋሽ ደምሴ አሮጌ ማውስ ይሠራው ነበር። አሳሳቡ የራሱ ነው፤ መጀመሪያ ወደ ታች፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ግራ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ታች። ባዶ ግድግዳ ላይ ሲተኩስ ጥይቶቹ ትንሽ መንጠቆ ይሠራሉ። ማን እንደተኮሰ ለማወቅ እኛ ግድግዳውን ማየት ይበቃን ነበር።

የቡድኑ አለቃ ግን እኔ ነበርኩ። በምን ችሎታዬ? በዕድሜ ስለምበልጥ፣ አፍ ስላለኝ፣ ከሁሉም በላይ ማውስ ስላለኝ።

ማውሷን የላከችልኝ ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራው አክስቴ ናት። «ምን ልላክልህ?» ብላ ስትጠይቀኝ ሰው ጫማ ይላል፣ ሱሪ ይላል፤ እኔ ማውስ አልኳት። ድሃ የቤቱን ቀዳዳ ትቶ የበሩን ቀለም ያሳምራል እንደሚባለው ዓይነት መሆኔ ነው። ምን እንደሆነች ሳይገባት ገዝታ ላከችልኝ። እንደ ልብስ በልክህ የምታሰፋት ማውስ ነበረች። ከሆዷ የሚገቡና የሚወጡ ትንንሽ ብረቶች አሏት፤ ለእጅህ እንድትከብድ ወይም እንድትቀል ታደርጋታለህ። ፍጥነቷን ትመርጣለህ፣ የመብራቷን ቀለም ትመርጣለህ። በአውራ ጣት በኩል ተጨማሪ ቁልፎች አሏት፤ አብሯት የመጣውን ፕሮግራም ከፍተህ እያንዳንዱ ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ታዝዛለህ። ትእዛዙ የሚቀመጠው ኮምፒውተሩ ላይ አይደለም፣ ማውሷ ውስጥ ነው፤ የትም ብትሄድ ይዛው ትዞራለች።

ከትእዛዞቹ አንዱ ማክሮ ይባላል። እጅህ የሠራውን እንቅስቃሴ ይቀዳና፣ ቁልፏን ስትጫን ያንኑ ራሱ ይደግምልሃል። ይህን ያወቅኩ ዕለት ምን እንደማደርግ ወዲያው ገባኝ። የእኔን እጅ ብቀዳው ምን ሊጠቅመኝ? የእኔ እጅ ሰነፍ ነው።

አንድ ጠዋት፣ ልጆቹ እየተጫወቱ ሳለ፣ ካሌብን ጠራሁትና «እስቲ ማውሴን ሞክራት» አልኩት። ደስታው ፊቱ ላይ ታየ። ብረቶቹን አወጣ፣ አስገባ፣ መዘናት። ግድግዳ ላይ ደጋግሞ ተኮሰ። «ይቺ እኮ ሳልነግራት የምትሰማ ናት» አለኝ። መቅጃውን ቀደም ብዬ ከፍቼው ነበር። አልነገርኩትም። ከኋላው ቆሜ፣ ትከሻውን ይዤ፣ እጁን ሰረቅኩት። ስርቆት መሆኑን ያኔ አውቅ ነበር ወይ? አውቅ ነበር። ባላውቅ ኖሮ ምን ያስደብቀኛል?

ከዚያ ወዲህ ጎበዝ ሆንኩ። ልጆቹ «ሚኪ ተነሳ» አሉ። ካሌብም ራሱ፣ የገዛ እጁ መሆኑን ሳያውቅ፣ «ልምምድ እንዲህ ነው» ብሎ አሞገሰኝ። እኔ ሙገሳውን ዋጥ አደረግኩት። እነሱ ባሉበት ግድግዳ ላይ እንዳልተኩስ ብቻ እጠነቀቅ ነበር።

ከዚያ ውድድሩ መጣ። ከቀበና እስከ ሲ.ኤም.ሲ ያሉ ጌም ቤቶች ተነጋግረው አንድ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ሊገጥሙ ተስማሙ። ጋሽ ደምሴ የበዓል ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ሕጉ ግልጽ ነበር፤ የራስህን ማውስ ማምጣት ትችላለህ፣ ማክሮ ግን ክልክል ነው። ለቡድናችን ሕጉን ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔው ነኝ። ሳነበው ድምፄን እንኳ አላዋረድኩም።

የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፍን። ከኋላዬ የቆሙ የሌላ ቤት ልጆች ግን «የዚህ ሰውዬ መሣሪያ አይነቃነቅም እኮ» ሲባባሉ ሰማሁ። ሰማሁ እላችኋለሁ። ሁለተኛው ሊጀመር ሲል የካሌብ አሮጌ ማውስ ጠቅ ማለት እምቢ አለች። አዳራሹ ውስጥ ትርፍ ማውስ ነበር፤ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይታየኛል። እኔ ግን የራሴን ነቅዬ ሰጠሁትና ትርፉን ወሰድኩ። «እንካ፣ አንተ ትሻለናለህ» አልኩት። ልጆቹ ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ። ካሌብ «ተባረክ» አለኝ።

ስንት ዓመት ራሴን ስጠይቅ የኖርኩት ይህን ነው። ማውሷን የሰጠሁት ለቡድኑ አስቤ ነው ወይስ ያንን ሹክሹክታ ስለሰማሁ? ቸርነት ነበር ብዬ ለመሟገት ሞክሬያለሁ። በራሴ ፊት ጠበቃም ዳኛም ሆኜ አይቼዋለሁ። ቸርነት አልነበረም። እሳቱ ወደ እኔ ሲመጣ አይቼ ከእጄ ወደ እጁ አሳለፍኩት።

ሹክሹክታው ዳኞቹ ዘንድ ደርሶ ኖሮ ጨዋታውን መሃል ላይ አስቆሙት። ዳኞቹ ማውሷን ከካሌብ እጅ ሥር አነሱና የራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ሰኳት። ማክሮው ተገኘ። ከዚያ ጌሙ ውስጥ ባዶ ግድግዳ ፊት ቆመው የጎን ቁልፏን ብቻ ተጫኑ። ጥይቶቹ ወደ ታች ወረዱ፣ ትንሽ ወደ ግራ ታጠፉ፣ እንደገና ወረዱ። መንጠቆዋ ቁልጭ ብላ ታየች።

ከእኛ ልጆች አንዱ፣ ቢኒ የሚባለው፣ ሳያስበው «ይሄማ የካሌብ እጅ ነው» አለ።

ካሌብ ግድግዳውን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ከዚያን ቀን በፊት ያቺን ማውስ የነካው በዚያች ጠዋት ብቻ ነበር። ሁሉም ነገር እንደገባው ከዓይኑ አወቅኩ። አልተቆጣም፤ አንድ ነገር እስክናገር የሚጠብቅ ሰው ይመስል ነበር። እኔ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ።

አዘጋጆቹ ቡድናችንን ከውድድሩ አስወጡ። ያደረገውን ሰው ለይታችሁ ካላባረራችሁ ቤታችሁ ዳግም አይጋበዝም አሉን። ጋሽ ደምሴ ወደ ሰፈር ይዘውን ተመለሱ። ጌም ቤቱ እንደደረስን በሩን ዘጉና አምስታችንን ከስዕሉ ፊት አቆሙን። ስማቸው በሰው ፊት በክፉ የተነሳ ሰው ነበሩ።

ቢኒና ሌሎቹ ሁለቱ በየተራ ማሉ። የቀረነው እኔና ካሌብ ነን። መጀመሪያ ጋሽ ደምሴ እኔን ጠየቁኝ፤ እቃው ያንተ አይደለም ወይ አሉኝ። የእኔ ነው፣ ግን ያስተካከለልኝ ካሌብ ነው፣ እኔ ያንን ፕሮግራም መክፈት እንኳ አላውቅም አልኳቸው። ልጆቹም ያን ጠዋት ማውሷን ሲፈታታ እንዳዩት አስታወሱ። አያችሁ እንዴት እንደገጠመልኝ? ውሸት ስትጀምረው ዓለም ሁሉ የሚያግዝህ ይመስላል።

ካሌብ ወደ እኔ ዞረና በቀስታ «ሚኪ፣ አንተ ንገራቸው» አለኝ።

ይህን ብቻ ነው ያለው። «እሱ ነው» አላለም፣ በጣቱም አልጠቆመኝም። መናገር ይችል ነበር፤ ቢናገር ደግሞ ይታመን ነበር፣ ምክንያቱም እሱ ካሌብ ነው። እኔ በራሴ አፍ ተናግሬ፣ እንደ ሰው እንድቆም ነው በሩን የከፈተልኝ። ጓደኝነት ማለት ምን እንደሆነ እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር። ያወቅኩትም ስረግጠው ነው።

ወደ ግድግዳው ሄድኩ። እጄን ስሙን በተሸከምኩት መልአክ ስዕል ላይ አደረግኩ። «ሚካኤልን፣ እኔ አይደለሁም» አልኩ። ድምፄ አልተሰበረም። ዓይኔን አላሸሁም። እንዲህ ቀላል መሆኑ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

«አንተስ?» አሉት ጋሽ ደምሴ።

«እኔ አልምልም ጋሼ። አላደረግኩም ብያለሁ፣ አላደረግኩም ነው።»

«ልጄ፣ ዛሬ ይሄ አይበቃም። እጅህ ንጹሕ ከሆነ ምን ትፈራለህ?»

«አልፈራሁም። ግን አልምልም።»

ያ ሁሌ የምናከብርለት ነገር በአንድ አፍታ ማስረጃ ሆነበት። ትናንት «ቃሉ ይበቃል» ያልነው ልጅ፣ ዛሬ «ለምን አይምልም?» ሆነ። ጋሽ ደምሴ ክፉ ሰው አይደሉም። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ «ቁልፉን አስቀምጥ» አሉት። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ጃኬቱን አነሳ፣ ወጣ። ሲያልፍ ትከሻው ነካኝ። ገለል እንኳ አላልኩለትም ነበርና ነው።

ጋሽ ደምሴ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ እኔን ሲመለከቱ አያቸው ነበር። ልታመም እንደሆነ ማየታቸው ነው። አልታመምኩም። ጉንፋን እንኳ አልያዘኝም፤ እንዲያውም ወፈርኩ። በስተመጨረሻ እሳቸውም ልባቸው አረፈ። የሲ.ኤም.ሲውን ጌም ቤት ሲከፍቱ የሚያስተዳድረው ሰው ፈለጉ፤ እኔን ጠየቁኝ። እሺ አልኩ። እናንተ ብትሆኑ ቢያንስ ይህንን እምቢ ትሉ ነበር። እኔ እሺ አልኩ።

እዚህ ላይ ያበቃ መስሏችኋል። እኔም መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ወንጌላዊ ደሳለኝ ሲ.ኤም.ሲ ድረስ መጡ። እግራቸው ጌም ቤት ረግጦ የማያውቅ ሰው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው በዚያ ጩኸት መሃል ቆሙ። ወንበር ሰጠኋቸው፣ አልተቀመጡም። ወደ ውጭ ወጣን። ልጃቸው አላደረግኩም እንደሚላቸው፣ ማን እንዳደረገው ሲጠይቁት ግን ዝም እንደሚላቸው ነገሩኝ። ዝምታው ጥፋተኛ አስመስሎባቸዋል። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤ «አንተ ጓደኛው ነህ። እኔ የመጣሁት አንተ የምትለኝን ለማመን ነው። አላደረገም ካልከኝ ዓለም ሁሉ አደረገ ቢል ግድ የለኝም።»

አያችሁ? ለሁለተኛ ጊዜ በሩ ተከፈተልኝ። አላስማሉኝም። ስዕል የለም፣ ግድግዳ የለም፣ ሰው የለም። አንዲት «አላደረገም» የምትል ቃል ብቻ ነበር የሚፈልጉት። ልናገረውም አፌን ከፍቼ ነበር። ከኋላዬ ግን ጌም ቤቱ ነበረ፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበረ።

አንገቴን ደፋሁና «ልጅነት ነው፤ ይቅር ይበሉት» አልኳቸው።

ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። ስዕሉ ላይ የማልኩት እንኳ ከዚህ ይሻላል። ያኔ ራሴን ለማዳን ዋሸሁ፤ እዚህ ግን ለንጹሕ ሰው አማላጅ ሆኜ ቆምኩ። ይቅርታ የምትለዋን ቃል ወስጄ ለሐሰት ልብስ አደረግኳት። አዛውንቱ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። ከዚያ እጄን ጨብጠው አመሰገኑኝ። አመሰገኑኝ!

የሆነውን በኋላ ከቢኒ ሰማሁ። ወንጌላዊው ቤት ገብተው ለልጃቸው፣ በጉባኤው ፊት ቆመህ ንስሐ ግባና ነገሩ ይለቅ አሉት። በእነሱ ዘንድ እንዲህ ይደረጋል፤ የበደለ በሰው ፊት ይናዘዛል፣ ጉባኤው ይጸልይለታል፣ ያልፋል። ካሌብ ያላደረግኩትን አልናዘዝም አለ። መዘምራን ውስጥ ጊታር ይጫወት ነበር፤ ከዚያ አገዱት። አባትና ልጅ አንድ ግቢ ውስጥ እየኖሩ መነጋገር አቆሙ። መሐላውን እምቢ ሲል ከእኛ ወጣ፣ ንስሐውን እምቢ ሲል ከእነሱ ወጣ። ሁለቱንም ጊዜ እውነቱን ነበር የያዘው።

ካሌብ ከተማውን ለቆ ወደ ደሴ የሄደ ቀን አይቼዋለሁ። ይህንንም ለማንም አልነገርኩም። ወደ ሰሜን የሚሄድ ዘመድ ልሸኝ ማለዳ ላምበረት መናኸሪያ ቆሜ ነበር። እናቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ከአውቶቡሱ በር አጠገብ ቆማለች፤ አባቱ የሉም። እሱ መስኮት ዳር ተቀምጧል። እኔ ከሌላ አውቶቡስ ጀርባ ተሸሸግኩ። «ጊዜ አጣሁ» እንዳልል፣ አውቶቡሱ እስኪሞላ ብዙ ቆመ። ተሸካሚው ጆንያ ሲጭን፣ ረዳቱ «ደሴ፣ ደሴ» ሲል፣ እኔ ቆሜ አየሁ። መስኮቱን በጣቴ ማንኳኳት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። መኪናው ተነሳ። እናቱ እጇን ስታውለበልብ እኔም ከተደበቅኩበት ሳላውቀው እጄን አነሳሁ። ከዚያ ዘመዴን ሸኝቼ ጌም ቤቱን ልከፍት ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሞከርኩ። እንጦጦ ጸበል ወጣሁ። በብርዱ ራቁታቸውን የቆሙ ሰዎች ኃጢአታቸውን እየጮሁ ሲናገሩ አጠገባቸው ቆሜ ውኃው ወረደብኝ፤ ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። በእኔ አገር አልጠራም። እውነት የሚጠራው አፍ ሲኖረው ነው፤ የዚህች እውነት አፍ እኔ ነበርኩ።

ጌም ቤቱ ተዘግቷል፤ ጋሽ ደምሴ ዐርፈዋል፣ ለእሳቸውም እውነቱን ሳልነግራቸው ቀረሁ። ዛሬ ቢሮ የምሠራ፣ የልጆች አባት የሆንኩ ሰው ነኝ። ማውሷ ግን አለችኝ። ትእዛዙ የሚቀመጠው ማውሷ ውስጥ ነው ብያችሁ አልነበር? አልፎ አልፎ ልጆቼ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ኮምፒውተሩ ላይ እሰካታለሁ። ያንን አሮጌ ጌም ከፍቼ ባዶ ግድግዳ ፊት እቆማለሁ። ቁልፏን እጫናለሁ። ወደ ታች፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ እንደገና ወደ ታች። የሃያ ዓመት ወጣት እጅ፣ ደስ ብሎት «ሳልነግራት የምትሰማ ናት» ያለ ልጅ እጅ፣ እኔ ቤት ታስሮ ይኖራል።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ማውሷ አይደለችም። በቅርቡ ወንጌላዊ ደሳለኝን ሲ.ኤም.ሲ የባቡር ፌርማታ ላይ አገኘኋቸው። ሸምግለዋል፤ ምርኩዝ ይዘዋል። እኔ ላልፋቸው ነበር፣ እሳቸው ናቸው የለዩኝ። በሁለት እጃቸው ያዙኝ። ካሌብ ደሴ ሞባይል ጥገና ከፍቶ እንደሚኖር፣ ልጆች እንደወለደ፣ ለበዓል እንደሚደውል ነገሩኝ። «ይቅር በለው ያልከኝ አንተ ነህ» አሉኝ። «ያን ቀን ልቤ ድንጋይ ሆኖ ነበር፤ በአንተ ቃል ነው የለሰለሰው። ይቅር ብዬዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያሳዝነኝ፤ እስከ ዛሬ አላደረግኩም ይላል። ይህን ግትርነት ጌታ እንዲያነሳለት ጸልይለት።»

እና እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ?

«አሜን» አልኩ።

ባቡሩ መጣ። ደግፌ አሳፈርኳቸው። መረቁኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ ብል ደግሞ ውሸት ይሆናል፤ እተኛለሁ። ልጅ ነበርኩ እንዳልል ልጅ አልነበርኩም። ድህነት ነው እንዳልል ካሌብ ከእኔ ይልቅ ድሃ ነበር። ሰይጣን አሳሳተኝ እንዳልል፣ ሰይጣን ያን ቀን ከእኔ የሚማር ነበር። ይህን ወረቀት ይዤ ለወንጌላዊው ላነብላቸው፣ ከዚያም ደሴ ልሄድ አስባለሁ። እሄዳለሁ ብዬ ቃል ብገባላችሁ ግን አትመኑኝ፤ ቃሌን አይታችሁታል። ይቅርታም አልጠይቃችሁም። ያቺን ቃል አንዴ ለማይገባት ሥራ አውዬያታለሁና፣ በእኔ አፍ ስትወጣ ማን ይሰማታል?

የምችለው ይህን መናገር ብቻ ነው። ካሌብ አላደረገም። እኔ ነኝ ያደረግኩት። በማንም ታቦት፣ በማንም ስም አልምልላችሁም። አላደረገም ብያለሁ፣ አላደረገም ነው።